ያልመጡት ሲመጡ ጥራኝ

ይህ ነገር ከገጠመኝ ስድስት ዓመት ሊሞላው ነው። በኳስ ዘመኔ ብዙ አይቻለሁ። አሸንፌአለሁ፣ ተሸንፌአለሁ፣ አንድ ጊዜማ አምስት ጎል ገብቶብኝ አፍሬ ሳምንት ሙሉ ከቤት አልወጣሁም። ከሁሉም ግን እስከ ዛሬ አልረሳ ያለኝ ያልተጫወትነው ጨዋታ ነው።

ያኔ የሸዋ ሮቢት ከተማ ቡድን በረኛ ነበርኩ። ቡድናችን በክልል ደረጃ በሚደረገው ሊግ ይወዳደራል። ቤተሰቦቼ የሚኖሩት ከጀውሃ ወረድ ብሎ ነው። አባቴ በመስኖ ሽንኩርት፣ በክረምት ማሽላና ማሾ የሚያመርት ገበሬ ነበር። ኳስ ይጠላል ማለት አይቻልም፤ ጨርሶ አያውቀውም። ጎረቤታችን ጋሼ ይማም አንድ ቀን ከተማ ሄደው ጨዋታ ካዩ በኋላ «ልጅህ እኮ አይሮጥም፤ ሁለት እንጨት መሃል ቆሞ ነው የሚውለው» ብለው ነገሩት። ከዚያ ወዲህ ቤት በሄድኩ ቁጥር አባቴ ይቀልድብኛል። መቆም ከሆነማ ማሽላው መሃል ብትቆም ወፍ ታባርርልኝ ነበር ይለኛል።

አብሬው እስቃለሁ። ውስጤን ግን ይከነክነኛል። አንዲት ኳስ ስይዝ እንዲያየኝ፣ አንዲት ብቻ፣ እንዴት እመኝ እንደነበር። መጥተህ እየኝ ብዬ ስንት ጊዜ ለምኜዋለሁ። መልሱ ሁልጊዜ ኢንሻአላህ ነው።

አንድ ቅዳሜ ግን ደወለና ነገ እመጣለሁ አለኝ። ደስ አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ ደነገጥኩ። እሁድ የውሃ ተራችን ነበር። በእኛ አገር የመስኖ ውሃ በተራ ነው፤ ተራህ ካመለጠህ አስራ አምስት ቀን ትጠብቃለህ፣ በዚያ ፀሐይ ሽንኩርት ደግሞ ያን ያህል አይታገስም። ውሃውስ? ስለው ለይማም ሰጥቼዋለሁ አለና ስልኩን ዘጋው።

እሁድ ከዙሁር ሰላት በኋላ በጭነት መኪና ተሳፍሮ መጣ። የታጠበ ሽርጥና የኢድ ሸሚዙን ለብሷል። መስገጃውን አጣጥፎ ብብቱ ሥር ይዟል፤ በእጁ ውሃ የሞላ ላስቲክ ጠርሙስ አለ። ከጎሉ ኋላ ካለው የኒም ዛፍ ሥር አስቀመጥኩት። እዚያ ሆኖ ሲያይ የሚመጣብኝን ኳስ ሁሉ እንደ እኔ ያየዋል ብዬ ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሜዳ ገብተን ተሰለፍን። ከደጋ የሚመጣው ተጋጣሚያችን ግን የለም። ጣርማ በር ላይ መኪናቸው ተበላሽቷል የሚል ወሬ ደረሰን። ዳኛው ከሌላ ከተማ ተመድቦ የመጣ፣ ከዚያ በፊት አይቼው የማላውቅ፣ ፊቱ የማይፈታ ጎልማሳ ነበር። ሰዓቱን እያየ ግማሽ ሰዓት አስጠበቀን። ግማሽ ሰዓቱ ሲሞላ ፊሽካውን ነፋ። ፎርፌ ሆነ፤ በደንቡ ሦስት ለባዶ አሸነፍን ማለት ነው።

ጓደኞቼ ተቃቀፉ። ነጥቡ በጣም ያስፈልገን ስለነበር አልፈርድባቸውም። እኔ ጓንቴን እንዳጠለቅኩ በቆምኩበት ቀረሁ። አባቴ ተነስቶ ወደ እኔ መጣ።

«አለቀ?» አለኝ።

«አዎ አባ፤ አሸነፍን።»

«ማንን?»

ባዶውን የሜዳ ግማሽ ዞር ብሎ አየ። አልቀለደብኝም። ቢቀልድብኝ ይሻለኝ ነበር። ያ ሁሉ ውሃ በከንቱ ቀረ ብዬ ሳስብ፣ ያን የሚያህል ጎረምሳ፣ እንባዬ መጣ።

ዳኛው ወረቀት ሊያስፈርም አጠገባችን ቆሞ ነበርና ሰምቶናል። አምበላችንን ጠጋ ብሎ ጠየቀው። አምበሉም ስለ አባቴ፣ ስለ ውሃ ተራው ሁሉንም ነገረው፤ ቅድም ልብስ ስንቀይር እኔው ነኝ ያወራሁለት። ዳኛው ትንሽ አሰበ። ጨዋታው ተዘግቷል፣ እሱን ልከፍተው አልችልም አለ። ከዚያ ኳሱን አንስቶ ወደ እኔ ጎል ሄደና ሪጎሬ የሚመታበት ነጥብ ላይ አስቀመጠው። ከመካከላችን አምስት ሰው እንዲመታብኝ መረጠ።

ሊበተን የነበረው ተመልካች ተመልሶ ከበበን። ዳኛው ለእያንዳንዱ ምት ልክ እንደ ዋንጫ ጨዋታ ኮስተር ብሎ ፊሽካ ይነፋል። የመጀመሪያው ገባ። ሁለተኛውን በጣቴ ነካሁት፤ እሱም ገባ። ሦስተኛው ወደ ሰማይ ሄደ። አራተኛው ገባ።

አምስተኛውን አምበሉ ሊመታ ኳሱን ሲያመቻች የአሱር አዛን ተሰማ። ዞር ስል አባቴ ከጠርሙሱ ውሃ እያፈሰሰ ውዱእ ያደርጋል። መስገጃውን ከኒሙ ሥር ዘረጋ። አምበሉ ሰው ሳይበተን ቶሎ እንጨርስ አለ። ዳኛው ግን ኳሱን አንስቶ ብብቱ ሥር ያዘው።

«ያልመጡትን ግማሽ ሰዓት ጠብቀን የለ? የመጡትን ሰው አስር ደቂቃ ብንጠብቃቸው ምን አለበት?»

ያ ሁሉ ሰው፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ አባቴ ሰግዶ እስኪጨርስ ቆሞ ጠበቀ። አባቴ አሰላምቶ ቀና ሲል ሜዳው ሁሉ እሱን እየጠበቀ እንደሆነ ገባው። አፈረና ቶሎ ብሎ ተነሳ።

አምበሉ መታ። በቀኜ በኩል፣ ወደ ታች ነበር። እንዴት እንደዘለልኩ አላውቅም፤ ኳሱ ደረቴ ሥር ሆኖ አገኘሁት። ተመልካቹ ጮኸ። አባቴ አላጨበጨበም። መጥቶ አጠገቤ ቁጢጥ አለና ክርኔን አየ። ያ ደረቅ መሬት ልጦት ይደማል። ከውዱእ የተረፈውን ውሃ በላዩ አፈሰሰልኝ።

«መቆም ብቻ አይደለም ለካ» አለኝ።

ሊሄድ ሲል ደግሞ፣ «ያልመጡት ሲመጡ ጥራኝ። ውሃውን ይማም ይይዝልኛል።»

ዳኛውን አላመሰገንኩትም። ወረቀቱን አስፈርሞ መኪና ሊይዝ ሲጣደፍ ሄደብኝ፤ ስሙን እንኳ አልጠየቅኩም። የዚያ ዓመት ሽንኩርታችን ደቃቃ ሆነ። አባቴ ግን በየሄደበት ልጄ ሦስት ለባዶ አሸነፈ እያለ ያወራል። ማን አገባ ብለው ሲጠይቁት ልጄ ነው ይላል። በረኛ ጎል እንደማያገባ ላስረዳው ሞክሬ ተውኩት።

ከዚያ የአካባቢያችን ሰላም ደፈረሰ። ውድድሩ ተቋረጠ፣ ቡድናችንም ተበተነ። አባቴ በተገናኘን ቁጥር «እነዚያ ሰዎች አልመጡም?» ይለኛል። አሁን ኢንሻአላህ የምለው እኔ ሆንኩ። ከሁለት ዓመት በፊት ጥቂት ቀን ታሞ ሞተ። ማሳውን የምይዘው እኔ ነኝ።

ባለፈው ዓመት ከተማው እንደገና ቡድን አቋቋመ። አንድ ቀን ጀውሃ ላይ ባጃጅ በድምፅ ማጉያ የእሁዱን ጨዋታ ሲያስተዋውቅ የዚያን የደጋ ቡድን ስም ሰማሁ። እሁድ የውሃ ተራዬ ነበር። ጋሼ ይማም ዘንድ ሄጄ እንዲይዙልኝ ጠየቅኳቸው። ለምን እንደሆነ አልጠየቁኝም፤ «አባትህን አላህ ይማረው» ብቻ አሉኝ።

የአባቴን መስገጃ ይዤ ከኒሙ ሥር ተቀመጥኩ። በሰዓቱ መጡ። ያን ጊዜ ስለቀረው ጨዋታ የማያውቁ አዳዲስ ልጆች ናቸው። ሜዳ ሲገቡ ሳላስበው ስልኬን አወጣሁ። «አባ» የሚለው ቁጥር ዛሬም አለ። መጥተዋል ብዬ ልነግረው እንዴት እንደናፈቅኩ በቃል መግለጽ አልችልም። ስልኩን መልሼ ኪሴ ከተትኩት።

ጨዋታው መሃል ላይ አዛን ሲል እሱ በሰገደበት ቦታ ሰገድኩ። ስጨርስ ጨዋታው ቀጥሏል፤ እኛ አንድ ጎል አግብተናል። አጠገቤ የተቀመጠውን ሰው ማን አገባ ብዬ ጠየቅኩትና የማላውቀውን ልጅ ስም ነገረኝ። አባቴ ቢኖር ልጄ ነው ይል ነበር።