የታናሺት ይቅርታ

ልብስ ስለምትሰፋ ሰፈሩ «ሰፊዋ» ይላታል። ከዚያ በፊት ግን ታናሺት ነበር ስሟ፤ የአናጢው ሁለተኛ ሚስት ስለነበረች። የመጀመሪያዋ ሚስት ታላቂት ዘጠኝ ዓመት ጠብቃ ልጅ አልመጣ ሲላት «እንግዲህ ሌላ አግባና በዚህ ቤት የልጅ ድምፅ እንስማ» ብላ ራሷ ናት ያስገባቻት። በዚያ መንደር ይህ ነውር አልነበረም፤ አባቶቻቸውም እንዲሁ ነው የኖሩት። ታናሺት በዓመቷ ሴት ልጅ ወለደች። ሁለቱ ሴቶች በአንድ ግቢ፣ በሁለት በር፣ አንዷ ስታጥብ አንዷ እያሰጣች ኖሩ። ይዋደዱ ነበር ብል ዋሽቻለሁ። ግን አይናከሱም ነበር፣ ለጣውንቶች ደግሞ ይህ ከበቂም በላይ ነው።

ከዚያ ወንጌል መጣ። ወንጌልስ ይምጣ፣ እሰየው! ችግሩ ጫማውን ሳያወልቅ መግባቱ ነው። ያመጣው ሰባኪ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ክፉ ቢሆንማ ማን ይሰማው ነበር። በሽተኛ ያስታምማል፣ ፊደል ያስቆጥራል፣ ለቅሶ ቤት ከዘመድ ቀድሞ ይደርሳል። ነገር ግን ከየት እንዳመጣው የማይታወቅ ረጅም ዝርዝር ነበረው። ከበሮ ይቃጠል አለ፤ ተቃጠለ። ጭፈራ ይቅር አለ፤ ቀረ። ሁለት ሚስት ያለው አንዷን ያሰናብት፣ ያለዚያ ጥምቀት የለም አለ። አናጢው ደግሞ መጠመቅ አምሮታል። የጸሎት ቤቱን ወንበሮች አንድ ሳይቀር የሠራው እሱ ነው፤ ሳይጠመቅ ግን በገዛ እጁ የሠራው ወንበር ላይ ከፊት መቀመጥ አይችልም።

«የትኛዋን ላሰናብት?» ብሎ ጠየቀ።

«የመጀመሪያዋ ሚስትህ ናት፤ ሁለተኛዋ ኃጢአትህ ናት» አለው ሰባኪው።

ታናሺት ይህን የሰማችው በሩ ላይ ቆማ፣ ልጇን አዝላ ነው። ሰው ሌባ ቢሉት ይክዳል፣ ሰነፍ ቢሉት ተነስቶ ይሠራል። ኃጢአት ነሽ የተባለች ሴት ምን ታድርግ? ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር፣ ልጅቷ ሁለት።

ልጅቷ በክርስቲያን ቤት ትደግ ተባለና ወረቀት ተጻፈ። «በፈቃዴ ሄጃለሁ፤ ልጄንም በፈቃዴ ትቻለሁ» ይላል። በጥምቀት መዝገቡ ላይ ደግሞ ልጅቷ የታላቂት ልጅ ተብላ ሰፈረች፤ ሁለት እናት ለመጻፍ ቦታ የለውም አሉ። ታናሺት ማንበብ አታውቅም፣ አውራ ጣቷን ቀለም አስነክተው አስጫኗት። ለምን ጫነች ትሉኝ ይሆናል። ባሏ ጓሮ ወስዶ «ጥምቀቱ እስኪያልፍ ነው፣ ሦስት ወር ብቻ ታገሺኝ፣ መጥቼ እወስድሻለሁ» ስላላት ነው። ስለምትወደው አመነችው። እሱ ተጠመቀ፣ ከፊት ተቀመጠ፤ ሦስት ወሩም ሃያ ሁለት ዓመት ሆነ።

ሌላ ከተማ ሄዳ ልብስ ፋብሪካ ገባች። አሥራ አራት ዓመት ኮሌታ ብቻ ሰፋች። እጅጌው የሌላ ሰው ሥራ ነው፣ ኪሱም የሌላ ሰው ነው፤ እሷ ኮሌታውን ትሰፋና ሸሚዙ ያልፋል። አጠገቧ የምትሰፋው ሴት «ወልደሽ ታውቂያለሽ?» ስትላት «አላውቅም» ማለት ለመደች። ውሸቷን ነው፤ ግን እውነቱን ስትናገር ቀኑን ሙሉ እጇ ሥራ እንቢ ይላታል። ቆይቶ አናጢው ቤተሰቡን ይዞ ወደዚህ ወደ እኛ ከተማ መዛወሩን ሰማች። አንድም ቀን አላደረችም ማለት ይቻላል፤ ሥራዋን ለቀቀች፣ አሮጌ የእግር ስፌት መኪናዋን አስጭና መጣች።

ከቤተ ክርስቲያኑ በር ፊት ለፊት አንዲት ክፍል ተከራየች። አንድ መስኮት፣ አንድ ትልቅ መስታወት፣ ጥግ ላይ ደንበኛ ልብስ የሚለካበት መጋረጃ። በሁለተኛው ቀን አናጢው መጣ። ሸብቷል፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ሆኗል፣ በሩ ላይ ቆሞ ግራና ቀኝ ያያል።

«ምን ፈልገሽ ነው?»

«ልጄን ላያት።»

«እያት፤ ዓይን አይከለከልም። አፍሽን ከከፈትሽ ግን እዚህ ከተማ አታድሪም። ልጅቷ እናት አላት።»

ሆድ ይፍጀው ብላ ስምንት ዓመት አየቻት። ከመዘምራን ጋር ስታልፍ አየቻት፣ በዝናብ ስትሮጥ አየቻት፣ ከጓደኞቿ ጋር ሆዷን ይዛ ስትስቅ አየቻት። አንድ ቀን ልጅቷ «እትዬ፣ ቁልፌ ተበጠሰ» ብላ ገባች። ታናሺት ክሩ በመርፌው አልገባ አላት፤ ልጅቷ ራሷ ተቀብላ አስገባችላት። «ዓይንዎ ደክሟል መሰለኝ፣ መነጽር ያድርጉ» ብላ መከረቻት። ታናሺት ለሳምንት ያንን ክር ከመርፌው አላወጣችውም።

ዘንድሮ አዲስ መጋቢ ተመደበ። ወጣት ነው፣ የተማረ ነው፣ «ባህል» የምትለው ቃል ከአፉ አትጠፋም። ከበሮ ተመለሰ፤ የድሮዎቹ አመድ ሆነዋልና በአዲስ ተገዛ። የመዘምራን ጥቁር ካባ ቀርቶ በአገር እጅ በተሠራ ባለ ቀለም ጨርቅ ይሰፋ ተባለ፣ ሥራውም ለታናሺት ደረሰ። ሠላሳ ሁለት ካባ ሰፍታ ተሸክማ የወሰደች እሁድ ነው መጋቢው መድረክ ላይ ወረቀት ይዞ ሲያነብ የሰማችው።

«ወንጌል ባህላችንን ሊያከብር እንጂ ሊያፈርስ አልመጣም። ከእንግዲህ ከአንድ በላይ ሚስት ያለው ሰው ማንንም ሳያሰናብት ከነቤተሰቡ ይጠመቃል። ቀድሞ የተሰናበቱትንም ቤተ ክርስቲያን ይቅርታ ትጠይቃለች።»

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው። ታናሺት ግን ተረት የሚያስተርት ልብ አልነበራትም፤ ካባዎቹ ላይ ቁጭ አለች።

የልጅቷ ሰርግ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። የሰርግ ቀሚሷን የምትሰፋው ታናሺት ናት። ሥራው እንዲሰጣት ያደረገችው ደግሞ ሌላ ማንም ሳትሆን ታላቂት ናት። ለምን እንዳደረገችው አንድዬ ይወቅ፤ «ሰፊዋ እጇ ጥሩ ነው» ብቻ ነው ያለችው።

ሰኞ ጠዋት ታናሺት የመጋቢው ቢሮ ገባች። ግድግዳው ላይ አንዲት ትንሽ ከበሮ ለጌጥ ተሰቅላለች።

«መጋቢ፣ ተሰናበቱ ካሏቸው አንዷ እኔ ነኝ» አለችው።

ሁሉንም ዘረገፈችው፤ ወረቀቱን፣ አውራ ጣቷን፣ ሦስት ወሩን፣ ሽማግሌ ተብዬውን። መጋቢው አለቀሰ። የእውነት እንባ ነው፣ ሰው አላማም። መነጽሩን አውልቆ ጠረገና «እትዬ፣ ቤተ ክርስቲያን ምን ታድርግልዎ?» አላት።

«መዝገቡ ይስተካከል። ልጄ ከሰርጓ በፊት የወለድኳት እኔ መሆኔን ትወቅ። አንድ ጊዜ እማዬ ትበለኝ። ከዚያ ወዲያ ምንም አልፈልግም።»

«ይኼማ መብትዎ ነው!» ብሎ ብድግ አለ።

ያን ሳምንት ታናሺት መኪናዋን እየረገጠች ስታንጎራጉር ዋለች። ጎረቤቷ ጫማ ሰፊው «ምነው እትዬ፣ ሎተሪ ደረሰሽ እንዴ?» ቢላት «ሎተሪ ምን አባቱ!» አለችው። ሰው ሲጠፋ መስታወቱ ፊት ቆማ ልጇ «እማዬ» ስትላት ምን ብላ እንደምትመልስ ትለማመዳለች። «አቤት» አለችና አልጣማትም፤ እናት ለልጇ አቤት ትላለች እንዴ! «ወዬ» አለች። እንደገና «ወዬ» አለች፣ አሁን ተሻለ።

አርብ መጋቢው ራሱ ሱቋ መጣ። ወንበር ብትስብለት አልቀመጥም አለ።

«ሽማግሌዎቹን አማከርኩ» አለ። «ጉዳዩ ጥልቅ ነው እትዬ። የአገሩን ባህል ስንመረምር ልጅ የአሳዳጊው እንጂ የወላጁ አይደለም። ሁሉም በአንድ ቃል ነው የተናገሩት። የድሮ ጥፋታችን ባህልን ረግጠን መግባታችን ነበር። ያንኑ ጥፋት ልደግመው አልችልም።»

«ሽማግሌዎቹን የሚሰበስበው ማነው?»

ሰብሳቢው አናጢው ነው፤ ይህን ለማወቅ ጥናት አያስፈልግም።

እንግዲህ እናንተው ፍረዱ። ልጇን ሲቀሟት ባህሉ ኃጢአት ነው ብለው ቀሟት። አንመልስም ሲሏት ባህሉ የተከበረ ነው ብለው ከለከሏት። ሁለቱም ጊዜ ንግግሩ ያማረ ነበር፣ ሁለቱም ጊዜ ጸሎት ተደርጎበታል። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይላል የአገሬ ሰው፤ ዳዋስ ቢሆን አንዴ ተመትቶ ያርፋል።

«ግን መልካም ዜናም አለኝ» አለ መጋቢው፣ ፊቱ ፈካ አለ። «እሁድ ከዋናው መሥሪያ ቤት እንግዶች ይመጣሉ። የይቅርታ ጉባኤ ነው። እርስዎ መድረክ ላይ ወጥተው ታሪክዎን ይነግሩናል፣ የማንንም ስም ሳይጠሩ። ቤተ ክርስቲያን ተንበርክካ ይቅርታ ትጠይቅዎታለች፣ እርስዎም ይቅር ይላሉ።»

«ባልልስ?»

ለዚህ መልስ የያዘው ሌላ ሰው ነበር። ከሰዓት በኋላ አናጢው መጣና ምስማር ላይ የተንጠለጠለውን ነጭ ቀሚስ በጣቱ ነካ አደረገው። አንዱ እጅጌ ገና አልተገጠመም።

«ወይ እሁድ ወጥተሽ ይቅር ትያለሽ፣ ወይ ይኼን አሁኑኑ ጠቅልዬ ሌላ ሰፊ ጋ እወስደዋለሁ» አላት።

ታናሺት ቀሚሱን አየችው። ሦስት ልክ ይቀራል። ሦስት ጊዜ የልጇን ወገብ በሜትር ታቅፋለች፣ ሦስት ጊዜ ትከሻዋን ትነካለች፣ ጸጉሯን ከአንገቷ ላይ ታነሳለች። ይህን የሚሰጣት ሌላ ሕግ የለም፣ የድሮውም ሆነ የአሁኑ።

«እላለሁ» አለችው።

እሁድ ቤቱ ጢም ብሎ ሞላ። ከበሮ ተመታ። ታናሺት ማይክሮፎን ይዛ «አንድ ሰው ነበረኝ፣ አንዲት ልጅ ነበረችኝ» ብላ ጀመረች። ወረቀቱ ጋ ስትደርስ ሴቶቹ እምባቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። ከመዘምራኑ መካከል ልጅቷ ታናሺት በሰፋችው እጅጌ ዓይኗን ስትጠርግ ከመድረክ ላይ ትታያለች። መጋቢው ተንበረከከ፣ እንግዶቹ ተንበረከኩ፣ ካሜራው ቀረበ።

«ይቅር ብያለሁ» አለች። ከንፈሯ ነው ያለው፤ ልቧ አልነበረበትም።

ጉባኤው አጨበጨበ። ከዚያ መጋቢው «የመዝጊያውን ጸሎት የሽማግሌዎቻችን ሰብሳቢ ያድርሱልን» አለ። አናጢው ወጣ። በሃያ ሁለት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ እጁን አነሳና ራሷ ላይ ጫነው።

«ጌታ ሆይ» አለ፣ ድምፁ ቅንጣት ሳይንቀጠቀጥ፣ «ይህችን እህታችንን አጽናናት። የበደላትንም ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ ማርልን።»

አሜን! አለ ሕዝቡ። ቂም ይዞ ጸሎት ሳል ይዞ ስርቆት የሚባለው ለኛ ቢጤ ነው፤ ይህ ሰው ሳሉ ከለቀቀው ቆይቷል። ከእንግዶቹ አንዱ ታናሺትን ከአናጢው ጎን አቁሞ ፎቶ አነሳቸው፣ «ፈገግ ይበሉ እንጂ» አላት።

ማክሰኞ ልጅቷ ለልክ መጣች፣ ታላቂትም አብራት። ታላቂት ወንበሩ ላይ ተቀምጣ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣምራ ወለሉን ታያለች፤ ከእሁድ ወዲህ ከስታለች። ታናሺት ተንበርክካ፣ እስፒል በከንፈሯ ይዛ የቀሚሱን ጠርዝ ታጥፋለች።

«እትዬ» አለች ልጅቷ መስታወቱን እያየች፣ «እሁድ እንዴት እንዳስለቀሱኝ! ያቺ ልጅዎ ግን አለች?»

ታናሺት እስፒሎቹን አንድ በአንድ ከአፏ አወጣች።

«አለች። ደህና ናት።»

«ታውቅዎታለች?»

«አታውቀኝም።»

ታላቂት ቀና አለች፤ ፊቷ አመድ መስሏል። ልጅቷ ክፉ ልብ የላትም፤ በሐሰት ብታድግም በፍቅር ያደገች ናት፣ የመሰላትን ፊት ለፊት መናገር ለምዳለች።

«አይቀየሙኝና እትዬ፣ እኔ ያቺን ልጅ ብሆን ይቅር አልልዎትም ነበር። ባል አለ፣ ሰባኪ አለ ተብሎ ሰው እንዴት ልጁን ፈርሞ ይሰጣል? እኔ ብገደል አላደርገውም።» ዞር ብላ ለታላቂት ሳቀችላት። «አንቺስ እማዬ? እኔን ትሰጪኝ ነበር?»

ታላቂት ታናሺትን አየቻት። ታናሺት አላየቻትም።

«አልሰጥሽም» አለች ታላቂት።

«ቀጥ ብለሽ ቁሚ፣ ጠርዙ እየተጣመመብኝ ነው» አለች ታናሺት፣ እስፒሎቹንም መልሳ በከንፈሯ ያዘች።