ሰባት ቤት ቆጥረው የዳሩን

እኔና ባለቤቴ ስንጋባ ሽማግሌዎቹ ዘራችንን እስከ ሰባት ቤት ቆጠሩ። አንድም ቦታ አንገናኝም። ክርስቲያን ዘመዱን አያገባምና ንጹሕ ናችሁ ተብለን ተዳርን፤ ባለቤቴ በባቡር ጣቢያው ሥራ ስላገኘ አዋሽ ወረድን።

ቤታችን ከሐዲዱ አጠገብ ነበር። ባቡሩ ሲጮህ የጎረቤት ሕፃናት በርግገው ያለቅሳሉ፤ የእኔ የመጀመሪያ ልጅ ግን አይነቃም። ጨዋ ልጅ ወለድኩ ብዬ ኮራሁ። ጆሮው እንደማይሰማ የገባኝ ቆይቶ ነው። ተከትላው የመጣችው እኅቱም እንደዚያው ሆነች።

የንስሐ አባታችን ኃጢአታችሁ ነው ብለው ጾምና ስግደት አዘዙን፤ አንድም ሳናጎድል ፈጸምን። በአካባቢው ያለው የጥጥ እርሻ ሐኪም ግን፣ "ምን ኃጢአት አለባችሁ? ሁለታችሁም ሳታውቁት የተሸከማችሁት ዘር ነው። ከሰባት ቤትም በላይ ተደብቆ ይወርዳል" አለን።

ባለቤቴ እፎይ አለ። እኔ ግን ደሜ ፈላ። ኃጢአትስ ንስሐ አለው፤ ይህ ምን አለው? ወደ ንስሐ አባታችን ሄጄ፣ "አባቴ፣ ይህንን ዘር የፈጠረው ማን ነው?" አልኳቸው። መስቀላቸውን አሳልመው ሸኙኝ።

ሦስተኛውን የወለድኩ ሰሞን ሕፃኑን ታቅፌ ደጃፍ ላይ ባቡሩን ጠበቅሁ። ሁለቱ ታላላቆቹ ምን እንደምጠብቅ ሳያውቁ ፊት ፊቴን ያያሉ። ባቡሩ እየጮኸ ገባ። የጎረቤት ልጅ አለቀሰ። የእኔው እንቅልፉን ይለጥጣል።