ልጄ ትግባበት?

ቅዳሜ ነበር፤ ከጠዋቱ አራት ሰዓት። የኮሎኔሉ ጂፕ በትምህርት ቤታችን በር ሲገባ እኔ ያረምኳቸውን የፈተና ወረቀቶች ታቅፌ ከዳይሬክተሩ ቢሮ ደጃፍ ቆሜያለሁ። ማንኳኳት ፈርቼ ነው የቆምኩት። ዳይሬክተሩ ጂፑን በመስኮት አይቶ ኮቱን እየቆለፈ ሲወጣ ከእኔ ጋር ሊጋጭ ምንም አልቀረውም።

«አንቺም ነይ» አለኝ።

ለምን እንደፈለገኝ እሱም የሚያውቅ አይመስለኝም። ትልቅ ሰው ሲመጣበት ከኋላው ሰው እንዲኖር ይወዳል። ተከትዬው ወደ ጋራዡ ሄድኩ። ጋራዡ የአባቴ ክፍል ነው።

በዚያ ዓመት አዲስ አበባ የጀመርኩትን የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ለአንድ ዓመት አቋርጬ፣ እንደ ጓደኞቼ ሁሉ ጠቅላይ ግዛት ሄጄ እንዳስተምር ተመድቤ ነበር። ሌሎቹ የማያውቁት አገር ሲደርሳቸው ለእኔ የደረሰኝ የገዛ ከተማዬ አስመራ፣ ያውም አባቴ አውቶ መካኒክ የሚያስተምርበት የሙያ ትምህርት ቤት ሆነ። እኔ አማርኛ አስተምራለሁ። ተማሪዎቹ ባብዛኛው እኩዮቼ ስለነበሩ ወደ ሰሌዳው ዞሬ ነበር የምናገረው፤ ድምጿ ከሁለተኛው ረድፍ አያልፍም ይሉኝ ነበር። አባቴን ግን ከመንገድ ማዶ ይሰሙታል።

አባቴ ሁለት ነገር ብቻ ነበረው፤ ጋራዡና እኛ። ለምሳ በየቀኑ በብስክሌት ሐዝሐዝ ወዳለው ቤታችን ይመጣል። መጀመሪያ እጁን በሰጋቱራና በሳሙና፣ ቀጥሎ የጥፍሩን ሥር በግማሽ ሎሚ ይታጠባል፤ እጁን አሽትቶ ሳይጨርስ ማናችንንም አይነካም። እናቴ ወገቧን ስለሚያማት የትምህርት ቤት ልብሳችንን በከሰል ካውያ የሚተኩሰው እሱ ነበር። የጎረቤት ሴቶች በአጥር ላይ እያዩት «ይህን ሰውዬ አግብተሽው ነው ወይስ ቀጥረሽው?» ይሏታል። እሷም «አግብቼው ነው፤ የተቀጠረማ እሁድ ያርፋል» ትላቸዋለች።

ይህ ሰው ነው ፍሬንን በገዛ ልጆቹ የሚፈትነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ተማሪዎቹ የሚማሩት በታክሲዎች፣ በጥቂት ገንዘብ በሚያሠሩ ሰዎች መኪናና ከቃኘው ጦር ሰፈር አሜሪካኖች አርጅቶ በተጣለ ሞተር ላይ ነበር። ከሁሉም ሥራ አባቴ የሚፈራው ፍሬንን ነው። ከአስመራ ወደ ምጽዋ የሚወርደው መንገድ ከከተማው ጫፍ ጀምሮ ገደል ለገደል የሚጠማዘዝ ስለሆነ፣ እዚህ አገር ፍሬን የሚሠራ ሰው ነፍስ በእጁ ነው ይል ነበር። ስለዚህ አንድ ተማሪ ፍሬን ሠርቶ ሲጨርስ አባቴ በሰው ሁሉ ፊት፦

«ደርሷል?» ይለዋል።

«ደርሷል፣ መምህር።»

«ልጄ ትግባበት?»

ብዙዎቹ እዚህ ላይ ዝም ይላሉ። ዝም ያለውን አይቆጣውም፤ «ተመለስና እየው» ብቻ ይለዋል። ልጁም ከመኪናው ሥር ተመልሶ ይገባል። «ትግባበት» ካለ ግን ከእኛ አንዳችንን ጠርቶ ከጎኑ አስቀምጦ፣ የምጽዋን መንገድ የመጀመሪያዎቹን ጥምዝምዞች ወርዶ ይመለሳል። የተሳፈረው ልጅም የተማሪውን እጅ ጨብጦ «በደህና ገባን» ማለት አለበት። ይህ ካልተባለ ሥራው አላለቀም። በዚህ ምክንያት የቅዳሜ ቀሚሶቼ እጅጌ ሁሉ ግሪስ ነበረው።

እናቴ «ልጆቼ ጫጩት ናቸው እንዴ መሞከሪያ የምታደርጋቸው?» ስትለው፣ «ለተማሪ በትር ከማነሣ ይሄ አይሻልም?» ብሎ ይመልስላት ነበር። እኛን የጠየቀን የለም። ታናሽ ወንድሜ የመሳፈሩ ተራ የሱ ሲሆን በዋዜማው ጫማውን ይደብቃል። እኔ የወንበሩን ቆዳ ጨብጬ አባቴን ነበር የማየው፤ መንገዱን አይቼ አላውቅም። አንዳንዴ ከመፍቻዎቹና ከካቻቪቴዎቹ ጋር በአንድ መደርደሪያ ላይ የተቀመጥን ይመስለኝ ነበር። በዚያ ሁሉ ዓመት ግን አንድም ፍሬን እምቢ ብሎን አያውቅም፤ አባቴም ከዚህ ሌላ የሚኮራበት ነገር አልነበረውም።

ኮሎኔሉ ወደ ጋራዡ ሲገባ ተማሪዎቹ ተሰለፉ። ለፍሬን ሥራ ያስገባው ጥቁር የቤት መኪናው ከጥግ ቆሟል።

«መኪናዬስ?»

«አልደረሰም፣ ጌታዬ» አለ አባቴ።

«ሐሙስም እንዲሁ ነው ያልከኝ።»

«የፍሬኑን ዘይት የሚይዘው ጎማ አርጅቷል። አዲሱ ሰኞ ይገባል። አሮጌውን አጥበን የመለስነው ማኪናው ግቢ ውስጥ እንዲንቀሳቀስ ብቻ ነው።»

«ባለቤቴ ነገ ምጽዋ ትወርዳለች። ባሕሩን ወደ አስመራ ላስመጣላት?»

ዳይሬክተሩ ብቻውን ሳቀ።

«ለነገ ሌላ ማኪና ይፈልጉላት፣ ጌታዬ።»

«አማርኛህ ከመኪናዬ ይብሳል፤ ሲጢጥ ይላል» አለ ኮሎኔሉ። አባቴ አማርኛን የተማረው ትምህርቱ ሁሉ በአማርኛ ይሁን ከተባለ ወዲህ፣ ፀጉሩ ከሸበተ በኋላ ነበር። እቤት እኔ ነበርኩ የማስጠናው። አንገቴን ደፋሁ።

ኮሎኔሉ ወደ ተማሪዎቹ ዞረ። «ለጦሩ ጋራዥ አንድ ጎበዝ ልጅ እፈልጋለሁ። ይህን ፍሬን የሠራ ማነው?»

አንድ ረጅም ልጅ ከሰልፉ ወጣ። ከአባቴ ተማሪዎች አንደኛ የሚወጣው እሱ ነው፤ ሃያ ዓመት ሆኖታል፤ ከከተማው ዳር፣ ከፓራዲዞ ድረስ በእግሩ ይመጣል። እኛ ቤት ስንት ጊዜ በልቷል።

«እኔ ነኝ፣ ጌታዬ።»

«ደርሷል ወይስ አልደረሰም?»

ልጁ አባቴን አላየም። የኮሎኔሉን ትከሻ፣ እዚያ ላይ ያለውን ኮከብ አየ።

«ደርሷል» አለ።

አባቴ ቀስ ብሎ እጁን በጨርቅ ጠረገ። ኮሎኔሉ ፈገግ አለ። «የተማሪህን ሥራ በገዛ ልጆችህ ትፈትናለህ ይባላል። እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«ተማሪህ ደርሷል ብሏል። ልጅህን አስገባ።»

«አላስገባም።»

«ለታክሲ ነጂ ያልሰሰትከውን ልጅ ለኔ መኪና ምነው ሰሰትክ?» ድምፁ ዝቅ አለ። «ምን አድርገህበታል?»

በዚያ ዓመት አስመራ ውስጥ በወታደር «ምን አድርገህበታል» ተብሎ የተጠየቀ ሰው መልሱን የሚሰጠው በቆመበት አልነበረም፤ ይዘውት ይሄዳሉ፤ ቤተሰቡም ከአንዱ ጣቢያ ወደ ሌላው ምሳ ይዞ ሲንከራተት ይከርማል። ጂፑ ውስጥ ሁለት ወታደሮች ተቀምጠው እንደነበር ያን ጊዜ ነው ያየሁት።

ዳይሬክተሩ ትከሻዬን በጣቱ ነካ። «ትልቋ ልጁ ይቻትና፣ ጌታዬ» አለ።

ወረቀቶቹን ከመሣሪያ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። የጥቁሩን መኪና በር ከፍቼ፣ በልጅነቴ ከምቀመጥበት ቦታ፣ ከሾፌሩ ጎን ገብቼ ተቀመጥኩ። እኔ ካልገባሁ አባቴ ጂፑ ውስጥ እንደሚገባ ገብቶኛል።

«ውረዲ፣ ጓለይ» አለኝ አባቴ በትግርኛ። ውረጂ፣ ልጄ ማለቱ ነው። በእምቢታ ራሴን ነቀነቅሁ።

ያን ጊዜ ወደ ልጁ ዞረ። አላስፈራራውም፤ እንደ ሌላው ቅዳሜ ሁሉ ነው የጠየቀው።

«ልጄ ትግባበት?»

መውጫ እየሰጠው ነበር። ተማሪዎቹ ሁሉ ያውቃሉ፤ ዝም ቢል እንኳ ይበቃ ነበር። ልጁ መሬት መሬቱን እያየ፦

«ትግባበት» አለ።

አባቴ ገብቶ ሞተሩን አስነሣ። ጂፑ ኮሎኔሉንና ዳይሬክተሩን ይዞ ተከተለን። በከተማው ውስጥ በጣም ቀስ ብለን ነዳን፤ ፔዳሉን በየጥቂቱ ይሞክራል፤ ይይዛል። ከከተማው ጫፍ ስንደርስ ጉሙ ከቆላው ተነሥቶ ከበለሱ ቁጥቋጦ በላይ ደርሶ ነበር። አባቴ ማርሹን ወደ አነስተኛው መለሰ።

«ምሳ ምን አለ?» አለኝ።

«አላውቅም፣ አቦይ።»

«እናትሽ ዓሣ አምጡልኝ ስትል ነበር።»

በሁለተኛው ጥምዝምዝ ላይ እግሩን ሲጭን ፔዳሉ ወለሉን ሲመታ ሰማሁ። አንድ ጊዜ ደገመው፤ አሁንም ወለሉን መታ። የእጅ ፍሬኑን ሳበ፤ የሚቃጠል ነገር ሸተተኝ፤ መኪናው ግን አልቆመም። ገደሉ በእኔ በኩል ነበር።

«ራስሽን ጉልበትሽ ላይ አድርጊ» አለኝ፤ ምሳ ሲጠይቀኝ በነበረበት ድምፅ።

መሪውን ወደ ግራ፣ ወደ ተራራው ጠመዘዘው። መኪናው በእሱ በኩል ያለውን ድንጋይ እየፋቀ፣ እየጮኸ ሄዶ ሄዶ ቆመ። ቀና ስል በሩ ወደ ውስጥ ታጥፎ ግራ እጁን ከመሪው ጋር ይዞታል። ፊቱ ነጭ ሆኗል። «ደህና ነሽ?» አለኝ። «እወ፣ ደህና ነኝ» አልኩት።

ኮሎኔሉ ከጂፑ ወረደ። መኪናውን ዞረው፤ የተፋቀውን ቀለም በጓንቱ ዳሰሰው።

«አየኸው?» አለው ዳይሬክተሩን። «ያለው እውነት እንዲሆንለት ሲል ንብረቴን ሰበረው።»

«አልደረሰም ብዬ ነበር፣ ጌታዬ» አለ አባቴ፣ እጁ እንደተያዘ።

«አሁን ደረሰልህ?»

ወታደሮቹ በሩን በብረት ፈልቅቀው እጁን አወጡት። ጓንቱን አውልቆ ወደ ኪሱ እየከተተ ኮሎኔሉ ጂፑ ውስጥ ገባ፤ እኛን ከኋላ አስጫነን።

ሆስፒታል ሁለት ጣት ቆረጡለት። ከሰዓት በኋላ ዳይሬክተሩ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ መጣና አልጋው እግር ሥር ቆመ።

«ኮሎኔሉ ይታሰር አላሉም። እግዚአብሔርን አመስግን። ሰኞ ግን እንዳትመጣ።»

«ማክሰኞስ?» አለ አባቴ።

ዳይሬክተሩ ባርኔጣውን አዞረ። «ከእንግዲህ አትመጣም፣ መምህር።»

«ክፍሉን ማን ይይዘዋል?»

«ለጊዜው… ያ ልጅ። ጦሩ ካልወሰደው።»

ሲወጣ እናቴ ተነሥታ አልሸኘችውም። አባቴን እያየች «ልጆቼን ለፍሬን ስትሰጥ ኖርክ፤ ጣትህንም ሰጠህ፤ ክፍልህንም ሰጠህ» አለችው። «እስቲ አሁን ምን ቀረህ?»

እሱ ግን ሌላ ነገር ነበር የሚያስበው። እናቴ ውኃ ልታመጣ ስትወጣ ጠራኝ።

«ነገ ሄደሽ ንገሪው።»

«ማንን?»

«ልጁን። የሚባለውን በይው። በሕይወት አልገባሽም? እንግዲህ በይው። ካልተነገረው ፍሬን መንካት ይፈራል። እጁ ጥሩ ነው፤ አይበላሽብኝ።»

ዝምታዬን እሺታ አድርጎ ወሰደው፤ ድሮም እንደዚያ ነበር የሚወስደው።

እሁድ ማለዳ በአውቶቡስ ፓራዲዞ ሄጄ መጨረሻው ፌርማታ ላይ ወረድኩ። የልጁን ቤት አውቀዋለሁ። እናቱ በረንዳውን እየጠረጉ ነበር፤ ነጠላ የለበሱ ሁለት ጎረቤቶች ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በራቸው ላይ ቆመው ያወጓቸዋል። የመምህሩ ልጅ መሆኔን ሲያዩ መጥረጊያውን ጥለው በትግርኛ ተቀበሉኝ።

«እንቋዕ ደሓን መጻእኪ፣ ጓለይ! ሻሂ ላፍላልሽ፤ ቁጭ በይ።» ወደ ውስጥ ተጣርተው ልጃቸውን አስወጡት።

የእሁድ ሸሚዙን ለብሶ ወጣ። እጁን ታጥቧል። አየኝ፤ ፊቴ ላይ ቁጣ ስላላገኘ ነው መሰለኝ ትከሻው ወረደ። የሚባለውን ሊሰማ እጁን ዘረጋልኝ።

«በደህና ገባችሁ?» አለኝ በአማርኛ፤ ከአስተማሪው ጋር እንደሚነጋገር ተማሪ። ቀጥሎም ዝቅ ብሎ «ኮሎኔሉ ስለኔ ምን አሉ?» አለኝ።

እጁን አልያዝኩትም።

«አልገባንም» አልኩት። ድምፄ ከአጥሩ ማዶ ሲደርስ ሰማሁት። «የአባቴ ሁለት ጣት ሆስፒታል ቀርቷል። ክፍሉን ላንተ ሰጥተዋል። ልጄ ትግባበት ብሎ ሲጠይቅህ ትግባበት ያልከው አንተ ነህ።»

እጁ እንደተዘረጋ ቀረ። እናቱ አንዴ እሱን አንዴ እኔን እያዩ ይስቁ ነበር፤ እንግዳ ሲያወራ ሰው እንደሚስቅ። አማርኛ አያውቁም። ወደ እሳቸውና ወደ ሁለቱ ጎረቤቶች ዞርኩና ያልኩትን ሁሉ አንድ ቃል ሳላጎድል፣ ቀስ ብዬ፣ በትግርኛ ደገምኩላቸው።

ሻሂውን አልጠበቅኩም። ከፌርማታው አጠገብ ሎሚ ገዝቼ ወደ ሆስፒታል ሄድኩ።

«ነገርሽው?» አለኝ አባቴ።

«እወ።»

«ምን አለ?»

«ምንም አላለም።»

እግዚአብሔር ይመስገን ብሎ ዓይኑን ጨፈነ። ሎሚውን ለሁለት ቆረጥኩትና ቀኝ እጁን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ ከጥፍሩ ሥር የቅዳሜውን ዘይት አጥብለት ጀመር።