ነነዌን ከኮምፒውተሩ ያወጣሁ ጊዜ

ደብረ ታቦር ውስጥ የወተት ማኅበራችን የሚሠራበትን የመረጃ ቋት ፕሮግራም የጻፍኩት እኔ ነኝ። ማንም አላስተማረኝም። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ አሮጌ ኮምፒውተር ገዝቼ፣ እያበላሸሁና እየጠገንኩ ተማርኩት። የዩኒቨርሲቲ መምህራን አይተውት «ይህን ብቻዎን ነው የሠሩት?» ሲሉኝ «ታዲያ ከማን ጋር ልሥራው?» አልኳቸው።

በተለይ በሁለት ነገሮች እኮራ ነበር። አንደኛው የላም ፍለጋው ነው፤ ገበሬው የላሟን ቁጥር ቢረሳ «ቡሬ» ወይም «ዳልቻ» ብሎ በመልኳ ያገኛታል። ሁለተኛው ባሕረ ሐሳቡ ነው፤ ረቡዕና ዓርብንማ ሁሉም በልማድ ያውቃቸዋል፤ እሱ ግን ቀናቸው በየዓመቱ የሚለዋወጠውን አጽዋማት ራሱ አስልቶ፣ በጾሙ ቀን ወተቱ ወደ ካፌዎች መሄዱ ቀርቶ ወደ ቅቤ መናጫው እንዲገባ ያዛል።

የማኅበሩ ሥራ አስኪያጅ ከጅዳ የተመለሰች ወጣት ናት። አንድ ቀን መጣችብኝ።

«ጋሼ፣ ፕሮግራምዎ እስኪከፈት ወተቱ እርጎ ሊሆን ነው። ገበሬው ጠዋት ጠዋት ጀሪካኑን ይዞ በር ላይ ተሰልፎ ይሰድበኛል። ወይ ያቅልሉት፣ ወይ ከባሕር ዳር ሌላ እናስመጣለን።»

«ምኑን ላቅልለው?»

«ማንም የማይነካውን ያውጡታ! ላም በመልኳ የፈለገ ሰው አይቼ አላውቅም። ጾሙንም ቢሆን ሰዉ ከቤተ ክርስቲያን ይሰማዋል።»

ሌላ ፕሮግራም ከመጣ የኔ ይጣላል። ይህ እንዴት እንቅልፍ ይሰጠኛል? ቢሆንም ተቻኩዬ አልሰረዝኩም። መጀመሪያ መደበቅ ነው፤ የሚፈልገው ካለ ይጮኻል። ይህን ዘዴ ያገኘሁት ራሴ ነኝ። ሁለቱንም ደበቅኋቸው። ፕሮግራሙ ወዲያው ብልጭ ብሎ ተከፈተ። ሳምንታት አለፉ፤ የጮኸ የለም።

የነነዌ ጾም በገባበት ሰኞ ሾፌራችን እንደወትሮው ወተቱን ጭኖ ወጣ። እሱም ጿሚ ነው፤ ውኃ እንኳ አልቀመሰም። ሥራ አስኪያጇም ትጾማለች። ግን እንዲህ ባለው ጾም የወተቱን መንገድ ሁልጊዜ የሚቀይረው ኮምፒውተሩ ስለነበር፣ ሁሉም ጾሙን ያሰበው ለገዛ ሆዱ ብቻ ነበር።

የመጀመሪያዋ ባለካፌ በሩ ላይ ቆማ «ምነው አንተ፣ ሃይማኖት ለወጥክ እንዴ?» አለችው። የሚቀጥሉትም ሳቁበት። ወተቱን እንደጫነ ተመለሰና በቀጥታ ወደኔ መጣ።

«አባባ፣ ነነዌን የት አደረሷት?»

«ደብቄያታለሁ።»

«ታዲያ አይነግሩንም?»

«ማንም አይነካትም ብላችሁኝ!»

ሥራ አስኪያጇ ወተቱን ወደ መናጫው እያስገለበጠች መሳቋን ማቆም አቃታት። «በሉ ይመልሷት» አለችኝ። «ግን ጋሼ፣ ሰልፉ አብሯት እንዳይመለስ።»

እኛ ስንቆጥር የነበረው ሰው የሚነካውን ነው፤ ባሕረ ሐሳቡ ደግሞ ማንም ሳይነካው ነው የሚሠራው። ፕሮግራሙን ያዘገየው በየማለዳው እንደ አዲስ ማስላቱ ነበር። ቤተ ክርስቲያን የዓመቱን አጽዋማት የምታውጀው በዕንቁጣጣሽ አይደል? እኔም ኮምፒውተሩ በዕንቁጣጣሽ አንዴ አስልቶ ዓመቱን ሙሉ እንዲያስታውሰው አደረግሁ። የላም ፍለጋውን ግን ሰረዝኩት። አንድ ክረምት ሙሉ የለፋሁበት ነው፤ አምሮም ነበር። ማንም ስላልጠየቀው ሄደ። እንዲህ ያለውን ሥራ ጽፎ፣ ደግሞ በገዛ እጁ ለመሰረዝ የሚጨክን ሰው በዚህ አገር ብዙ አይገኝም።

ማክሰኞ ጠዋት ፕሮግራሙ ቶሎ ተከፍቶ «ዛሬ ወደ መናጫ» አለ። በሩ ላይ የተሰለፈ አልነበረም።

«የባሕር ዳሩን ሰውዬ እንዳይመጣ ነገርኩት» አለችኝ ሥራ አስኪያጇ።

«ባሕረ ሐሳብ ያውቅ ኖሯል?»

«እኔ እንጃ፣ አልጠየቅኩትም።»

«ጠይቂው እንጂ። ካላወቀ ይምጣና ላስተምረው።»