ድሬዳዋ ልንሄድ ስንል

በእኛ ቤት ሽርሽር የሚታሰበው ሰው ባልሞተበት ዓመት ነበር። ሰው ያልሞተበት ዓመት ደግሞ ከየት ይመጣል? እናቴ የማይነካት ዘመድ አልነበረም። የአጎቷ ልጅ ሲሞት ጥቁር ለበሰች፤ ሙት ዓመቱ ወጥቶ ልታወልቅ ስትል አክስቷ ተከተለች፤ የአክስቷ ሲያልቅ የክርስትና እናቷ። ጥቁር የለበሰች ሴት ለቅሶ ትደርሳለች፣ ቤተ ክርስቲያን ትስማለች፣ ገበያም ትወጣለች። ከተማ ልይ ብላ ባቡር ላይ ግን አትወጣም። ልውጣ ብትል የሚከለክላት የለም፤ ተመልሳ የምትኖረው ግን እዚያው አቃቂ፣ እዚያው ሰው መሀል ነው። ይህ ነገር ያኔም ያናድደኝ ነበር፣ ዛሬም ያናድደኛል።

አባቴ የባቡር ሃዲድ ጠጋኝ ነበር። የባቡር ሠራተኛ በዓመት አንድ ጊዜ ቤተሰቡን ይዞ በነጻ ይሳፈራል፤ ጎረቤቶቻችን በዚህ ይቀኑብን ነበር። እኛ ግን ከለገሃር በቀር የትም ሄደን አናውቅም። ባቡሩ ጠዋትም ማታም ቤታችንን እያንቀጠቀጠ ያልፋል፣ ብርጭቆው መደርደሪያ ላይ ይንጫጫል፣ እኛ እንደተቀመጥን ነን።

እናቴ የምትመኘው ድሬዳዋን ነበር። አዲስ አበባ ለእሷ ሆስፒታልና ፍርድ ቤት ያለበት ቦታ ነው፤ ወድዶ የሚሄድበት የለም ትላለች። ድሬዳዋ ግን ሌላ ነው። ከዚያ የሚመጡ ሴቶች በስስ ልብስ፣ መንደሪን በዘንቢል ሞልተው፣ የአቃቂን ብርድ እየረገሙ ከባቡሩ ሲወርዱ ታያቸዋለች። ሰው ማታ ደጅ ቁጭ ብሎ የሚጫወትበት፣ የከዚራ መንገድ በዛፍ ጥላ የተሸፈነበት፣ ከፊራ ገበያ ውስጥ ግመል ከሰው ጋር የሚጋፋበት አገር ነው። ይህን ሁሉ የነገራት አባቴ ነው። አባቴ ለሥራ ሄዶ ሁለት ሌሊት ያደረበትን ከተማ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ እየጨመረ ያወራላታል። መጨመሩን ታውቃለች።

"ግዴለም፣ ጨምርበት፤ ሄጄ እቀንሰዋለሁ" ትለው ነበር።

ያን ዓመት ነገሩ ሁሉ ገጠመ። የመጨረሻው ጥቁር ልብስ በመስከረም ወለቀ። አባቴ ክረምት ሲገባ ጡረታ ይወጣል፤ ጡረታ ከወጣ ደግሞ በነጻ መሳፈር የለም፣ ከፍሎ ከተማ ማየት ለእኛ ቢጤ የሚታሰብ አይደለም። ዘንድሮ ካልሆነ ቀረ ማለት ነው። እናቴ ይህን ስታውቅ ከጥምቀት ወዲያ አንድ ቀን አላሳድርም አለች። አባቴ፣ እሷና እኔ፣ ለሦስት ቀን። ማደሪያችን የአባቴ የሥራ ባልደረባ ቤት።

የእሷን ዝግጅት ማየት ነበር። ሳሪስ ድረስ ሄዳ ባለ አበባ ጨርቅ ገዝታ ቀሚስ አሰፋች። አምሳ ሊሞላት ምንም ያልቀራት ሴት፣ ቀይ አበባ! ወገቡ ሰፋ፣ እጅጌው ጠበበ እያለች ልብስ ሰፊው ዘንድ ታመላልሰኛለች። እኔ ያኔ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የገባሁ፣ የራሴን ደሞዝ የምበላ፣ አፌም የማያርፍ ልጅ ነበርኩ። ሙሽራ ያደረግናት መሰላት እንዴ እያልኩ አጉረመርማለሁ፤ ፈረቃዬን ለመቀያየር ግን ከእሷ በፊት የሮጥኩት እኔ ነበርኩ።

ማታ እራት ከተነሳ በኋላ ቀኖቹን ታከፋፍላለች። የመጀመሪያው ለከዚራ ነው፤ ምንም አይገዛም፣ ከጥላ ጥላ መዞር ብቻ። ሁለተኛው ለከፊራ ነው፤ የሚገዛው ያኔ ነው። ለሁለቱ ወንድሞቿ ሽርጥ ትገዛለች። ወንድሞቿ ምንጃር ያሉ ገበሬዎች ናቸው፤ ትልቁ ወላጆቻቸው ካለፉ በኋላ እሷን ያሳደገ፣ ትንሹ ደግሞ እሷ በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው። ለትልቁ ረጋ ያለ ቀለም፣ ለትንሹ ደመቅ ያለ። ሦስተኛውን ቀን ለምን እንደምናውለው አልቆረጠችም። እዚያ ስንደርስ እግራችን ይወስን ትል ነበር።

እናቴ የሰፈሩ መርዶ ነጋሪ መሆኗን ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ማንም አልሾማትም። ሩቅ አገር ዘመድ የሞተበት ሰው ሲኖር የእድሩ ዳኛ ሽማግሌዎቹን ሰብስበው ሲያበቁ ሰው ልከው ያስጠሯታል፤ ጎህ ሲቀድ ከፊት ሆና በር የምታንኳኳው እሷ ናት። የራሷ ሥርዓት ነበራት። በዋዜማው አንድ ሰበብ ፈልጋ ያ ሰው እህል እንዲቀምስ ታደርጋለች፤ ከተረዳ በኋላ ጉሮሮው ይዘጋልና። ጎረቤቱንም ወጣ ገባ አትበሉ፣ ፊታችሁ ያሳብቃል ብላ ታስጠነቅቃለች። ለእኔም ስታስተምረኝ፣ የተኳረፍሽው ሰው ስጦታ ይዞ ደጅሽ ከመጣ ወይ ልጁን ሊድር ነው ወይ ያንቺ ሰው ሞቷል ትለኝ ነበር። ስትለኝ እስቅ ነበር።

የምንሄድበት ቀን ተቃርቦ ሳለ ጤፍ ይዞ ለገበያ የመጣ አንድ የምንጃር ሰው አባቴን ሃዲዱ ላይ ድረስ ሄዶ አገኘው። ትንሹ ወንድሟ ሞቷል። ሕመሙ አላቆየውም፤ ተቀብሯል፣ ሠልስቱም ወጥቷል። አባቴ ወደ ቤት አልገባም። እኔን ከፋብሪካ ስወጣ በር ላይ ጠብቆ፣ መንገድ ዳር አቁሞ ነገረኝ። ያ አጎቴ እንግጫ ነቅሎ ጉንጉን የሚሠራልኝ ሰው ነበር። እዚያው አፌን በነጠላዬ አፍኜ አለቀስኩ፤ ከዚያ አባቴ ፊትሽን ታጠቢ ብሎ ውሃ ለምኖ አመጣልኝ። ሳይገባኝ ታጠብኩ።

የገባኝ የእድሩ ዳኛ ቤት ስንደርስ ነው። ዳኛው ወጉ የታወቀ ነው፣ ነገ ጎህ ሲቀድ ይነገራታል አሉ። አባቴ ቆቡን በእጁ እያዞረ ቆሞ ነበር። ለመናገር የማይቸኩል ሰው ነው።

"ሟቹ አፈር ለብሷል፣ እሱ አይቸኩልም። እሷ ነገ ጥቁር ከለበሰች ግን እኔ ጡረታ እወጣለሁ። ሦስት ቀን ስጡኝ። ስንመለስ እኔው ራሴ እነግራታለሁ" አለ።

ዳኛው ወንድሟ ሞቶ እሷን ለሽርሽር መስደድ ነውር ነው አሉ፤ ደግሞ እሷን፣ የስንቱን መርዶ የተሸከመችልንን ሴት። አባቴ ቆቡን ብቻ ያዞራል። በመጨረሻ ሽማግሌው ኃጢአቱ የሁላችን ይሁን ብለው ተነሱ። እኔ በአባቴ በግኜ ነበር፤ የእኔ ወንድም ቢሞት በዚያችው ሰዓት ካልነገራችሁኝ ብዬ እጮህ ነበር። ግን ቀሚሱ ቤታችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ በሐሳቤ ታየኝ። አፌ ለመጀመሪያ ጊዜ ታዘዘኝ፣ ዝም አልኩ።

ዝም ማለት ያቃተው ሰፈሩ ነው። እንዴት እንደተሰማ እንጃ፣ ብቻ በማግስቱ ሁሉም ያውቃል። መንገድ ላይ ሰላምታዋ በዛ። እንዴት አደርሽ ብሎ የሚያልፈው ሰው ቆሞ ጤናዋን፣ ወገቧን፣ ጉልበቷን ይጠይቃል። ከሁሉ የባሰችው የግድግዳ ተጋሪያችን ናት። ይህች ሴት በፍሳሽ ቦይ የተነሳ ከእናቴ ጋር ከተኳረፈች ቆይታለች፤ ቆሻሻ ውሃዋን ወደ እኛ ትለቃለች እንጂ በራችንን አትረግጥም። ያን ዕለት ዳቦ ቆሎ በሰፌድ ሞልታ ገባች። ለመንገድ ይሁንሽ አለች። ልትቀመጥ ወንበር ቢሰጣት አልተቀመጠችም፤ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ትንሽ ቆመችና ወጣች። እናቴ ሰፌዱን ጭኗ ላይ አድርጋ ብዙ አየችው። ከዚያ አንድ ፍሬ አንስታ ቀመሰች፣ ጨው በዝቶበታል አለች፣ ወደ ጓዳ አስገባችው።

የዚያን ዕለት ማታም ቀኖቹን አከፋፈለች። ከዚራ፣ ከፊራ፣ ሽርጥ። ለትልቁ ምን ዓይነት ቀለም ይሻላል ብላ አባቴን ጠየቀችው። ረጋ ያለ ነው ያልሽው አላት። ለትንሹስ አለች። አባቴ የጫማውን ማሰሪያ እየፈታ ነበር፤ ቀና ሳይል ደመቅ ያለውን አላት። ድምፁ ምንም አልሆነም። በማግስቱ ማታ እንደገና ያንኑ ጠየቀችው፤ ለትልቁ፣ ከዚያ ለትንሹ፣ ዓይኗን ከፊቱ ሳትነቅል። እሱም ያንኑ መለሰ። እኔ ደስታው ነው ያስረሳት ብዬ አዘንኩላት። ምን ዓይነት ቂል ነበርኩ!

የመሄጃችን ጠዋት ውርጭ ነበር። ቀሚሱን ለብሳ፣ አዲሱን ነጠላ ደርባ ወጣች፤ አማረባት፣ ዕድሜዋ ቀነሰ። አባቴ ምድጃው ጋ ቆሞ እንቁላል እየጠበሰ ነበር። በትዳር ዘመናቸው ሁሉ ጨው የት እንደሚቀመጥ የማያውቅ ሰው! ዳቦ ቆርሶ፣ እንቁላሉን ፊቷ አድርጎ፣ መንገዱ ሩቅ ነው፣ ብዪ አላት። ወደ ሳህኑ አየች፣ ወደ እሱ አየች። ከዚያ አንድም ሳታስቀር በላች፤ ስትውጥ ጉሮሮዋ ሲንቀሳቀስ አየሁ።

ደጅ ስንወጣ ሰፈሩ ቆሞ ነበር። በሦስት ቀን ለሚመለስ ሰው እንዲህ ያለ ሽኝት የት አለ? ሴቶቹ ስመው አይለቋትም። የእድሩ ዳኛ ባርኔጣቸውን አውልቀው አገር አማን ይግጠምሽ አሏት። እሷ ሁሉንም እየሳመች፣ አሜን እያለች አለፈች። እስከ ጣቢያው ድረስ እኔ ስለ ግመል ስቀባጥር ነበር፤ ዝም ካልኩ የማለቅስ ስለመሰለኝ።

ባቡሩ ከለገሃር መጥቶ ቆመ። አባቴ ሻንጣውን አስገባ፣ መወጣጫው ላይ ሆኖ ዞረና እጁን ዘረጋላት። እጇን አልሰጠችውም። አንድ እግሯን መወጣጫው ላይ አድርጋ ነበር፤ አወረደችው። ረጋ ባለ ድምፅ፣ መርዶ ልትነግር ሌሎች ሰዎች በር ላይ በምታወጣው በዚያ ድምፅ፣ ጠየቀችው።

"ከሽርጦቹ የማንኛውን ልተወው?"

አባቴ እጁ እንደተዘረጋ ቀረ። ምን ማለትሽ ነው ይላታል ብዬ ጠበቅሁ። ብዙ ውሸት አዘጋጅቶ ነበር፣ ስለ ግመሉም ስለ ዛፉም፤ ለዚህ ጥያቄ ግን ምንም አልነበረውም። ከኋላችን ሰው ግቡ እንጂ፣ ወይ መንገድ ልቀቁ ይላል።

"የትንሹን" አለ።

እናቴ ራሷን ነቀነቀች። ነጠላዋን ከትከሻዋ አነሳች፣ ገለበጠችው፣ ጥለቱን ወደ አንገቷ አድርጋ አዘቅዝቃ ለበሰች። ዞራ ወደ ቤት መንገድ ጀመረች። አባቴ ሻንጣውን ይዞ ሲወርድ ባቡሩ ተንቀሳቅሶ ነበር፤ ሊወድቅ ለጥቂት ነው የተረፈው። እሷ ዞራ አላየችም። ሰፈሩ ከበራችን ገና አልተበተነም ነበር፤ ከሩቅ ነጠላዋን ሲያዩ አስቀድማ ኡኡታውን ያቀለጠችው ያቺው የግድግዳ ተጋሪያችን ናት። እናቴ ጮኻ ያለቀሰችው እሷን አቅፋ ነው።

ባለ አበባው ቀሚስ ጥቁር ተነከረ፤ ዓመቱን ሙሉ እሱን ለበሰች። አባቴ ክረምት ሲገባ ጡረታ ወጣ። ስለ ድሬዳዋ ማውራት ተወ፤ እሷም አልጠየቀችውም። እድሩ ለመርዶ ሲያስጠራት ሌላ ሰው ፈልጉ አለች። ድሬዳዋን ሳታይ ኖራ ሳታይ ሞተች።

ከመሞቷ በፊት ታማ በተኛችበት ክረምት አንድ ቀን ጠየቅኳት። አፌ መቼም አያርፍ። መቼ ነው ያወቅሽው አልኳት። ዳቦ ቆሎው የገባ ዕለት አለች። ታዲያ ለምን ዝም አልሽ፣ ለምንስ ያን ቀሚስ ለብሰሽ እስከ ጣቢያ ወጣሽ አልኳት። ልሄድ ነበር አለችኝ፤ አልዋሽሽም፣ አይቼ ተመልሼ ላለቅስ ነበር። እግሬ መወጣጫው ላይ እምቢ አለኝ። እኔ አባቴን ለመውቀስ አፌን ስከፍት እጇን አነሳችና አስቆመችኝ።

"እሱ ምን አጠፋ? ባልጠይቀው ኖሮ ሦስት ቀን ሁለቱም ወንድሞቼ ይኖሩልኝ ነበር።"