በቆርኪ የደረቀ ጥሎሽ

ከስድስተኛ ክፍል ወዲህ እስክሪብቶ የያዝኩት ለመፈረም ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ጽፌ አላውቅም፤ ሰው ፊት ማውራትም አፍራለሁ። ይህቺን ግን ደፍሬ ልጽፋት ነው፤ ትዝ ባለችኝ ቁጥር ብቻዬን ታስቀኛለችና።

ጦርነቱ ከተማችን መርሳ ሲደርስ የታላቅ እህቴ የኒካሕ ቀን ተቆርጦ ነበር። ሙሽራው ጥሎሹን ገዝቶ ደሴ፣ አጎቱ ሱቅ አስቀምጦታል። ከዚያ መንገዱ ተዘጋ፣ መብራቱ ጠፋ፣ ስልኩም ዝም አለ። የሁለቱም ቤት ሰዎች «ክፉ ቀን ነው፤ ኒካሑ ይታሰር፣ ዕቃው ሲመጣ ይመጣል» ብለው ተስማሙ። እምቢ ያሉት አክስቴ ብቻ ነበሩ። እናታችን ከሞተች ወዲህ ያሳደጉን እሳቸው ናቸው፤ ያለ እሳቸው ቃል እህቴ ከደጅ አትወጣም።

«እኔን እንዲሁ ወሰዱኝ» አሉ። «አማቴ እስኪሞቱ ድረስ ‹ባዶዋን የገባች› ሲሉኝ ኖሩ። ልጄን በባዶ አልሰጥም። ዕቃው ሰው ፊት ይነሳ።»

እኛ ዘንድ ጥሎሽ አንድ በአንድ ወደ ላይ እየተነሳ ለሴቶቹ ይታያል። ሴቶቹም እያሾፉ፣ እያጣጣሉ፣ መጨረሻ ላይ እልል ብለው ይቀበላሉ።

ያን ማታ እህቴ እራት አልበላችም። «ዕቃው እኮ አለ» አለችኝ እያለቀሰች። «የሚያየው ነው የጠፋው።» ያን ጊዜ ነው ሐሳቡ የመጣልኝ። ማንሳት ካልተቻለ ለምን አይሳልም?

ሱቆቹ ባዶ ስለነበሩ የሚገዛ ቀለም አልነበረም። ግን አያቴ ቁርኣን የሚያቀሩ ሼህ ነበሩ፤ ልጆቹ በእንጨት ሉሕ ላይ የሚጽፉበትን ቀለም ከጥላሸትና ከግራር ሙጫ ሲያዘጋጁ፣ ሙጫውን የምዘፈዝፈው እኔ ነበርኩ። ሙጫ ጥላሸት ከያዘ ድንጋይም ይይዛል አልኩ። ጎርፍ ከናደው የወንዝ ዳር ቀይ፣ ቢጫ፣ ነጭና ጉበት የመሰለ ድንጋይ በነጠላዬ ቋጥሬ ገባሁ።

ወፍጮ ቤቱ መብራት አጥቶ ስለቆመ፣ የድሮውን የእጅ ወፍጮ አውጥተን ነበር ማሽላ የምንፈጨው። አክስቴ ሶላት ላይ ሳሉ ቀዩን ድንጋይ ሰባብሬ እዚያው ላይ ፈጨሁት። ወፍጮውን በደንብ ያጠብኩት መስሎኝ ነበር። በማግስቱ አክስቴ ቂጣውን ገልበጥ ገልበጥ አደረጉና፦

«አንቺ ልጅ፣ ማሽላው ምን አይቶ ነው እንዲህ ፊቱ የቀላው?» አሉኝ።

ቂጣዬን ቆርሼ ጎረስኩ። ቂጣው ጥርሳችን ላይ ሲንቀጫቀጭ እህቴ ሳቋ አመለጣት። ከስንት ቀን በኋላ መሳቋ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ጓሮ ውስጥ፣ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ነው የፈጨሁት። ዱቄቱን በውሃ እበጠብጥና ለአፍታ አቆየዋለሁ። አሸዋው ታች ሲቀር የደፈረሰውን ውሃ ወደ ሌላ ጣሳ እገለብጠዋለሁ። ያም ሲዘቅጥ የላዩን ንጹሕ ውሃ አፈሳለሁ፤ የሚቀረው ጭቃ ቅቤ ነው የሚመስለው፣ እጅ ላይ ያሟልጫል። እሱን በሙጫ ለውሼ በለስላሳ መጠጥ ቆርኪ እየሞላሁ ጥላ ውስጥ አደረቅሁ።

የመጀመሪያው ሁሉ እንደ በጋ መሬት ተሰነጣጠቀ። እንዲለሰልስ ብዬ ማር ጨመርኩበት። አበዛሁት መሰለኝ፣ አልደርቅ አለ፣ ጉንዳንም ተሰለፈበት። ማሩን ጠብታ ብቻ ሳደርገው ግን ቆርኪው ውስጥ ድርቅ ብሎ ተቀመጠ። የፍየል ጭራ ፀጉር እንጨት ላይ አስሬ፣ ውሃ ነክሬ ነካ አደረግሁት። ቀለሙ ነቃ! ካላንደር ጀርባ ላይ ሳስነካው ቀዩ በውሃው እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄደ። እልል አልኩ፤ እኔ ድምፄ የማይሰማው።

እህቴ ሐሳቤን ልካበት፣ ሙሽራው የገዛውን ዕቃ ሊነግረኝ መጣ። እኔ ከበሩ ጀርባ ሆኜ እጠይቀዋለሁ።

«ቀሚሱ ምን ዓይነት ነው?»

«ቀይ ነው።»

«ምን ዓይነት ቀይ?»

«ቀይ ነዋ! ወንድ ከዚህ በላይ አያውቅም፣ እህት ዓለም።»

ቆርኪዎቹን በበሩ ሥር ገፋ አደረግሁለት፤ አንዱን መረጠ።

«ሻሹስ?»

«ሰማያዊ።»

«ሰማያዊ ድንጋይ አላገኘሁም።»

«ታዲያ ምን አለሽ?»

«ቢጫ።»

ትንሽ አሰበ። «በቃ ቢጫ ይሁን። ወላሂ መንገዱ ሲከፈት ሰማያዊውን መልሼ ቢጫ እገዛለሁ።»

ቀኑ ደረሰ። ጥቂት ሴቶች በር ዘግተን ተቀመጥን። የሙሽራው እናት ተነሡና ቀሚስ የተሳለበትን ወረቀት በሁለት እጃቸው ከፍ አደረጉት። እኔ እህቴ ጀርባ ተደበቅሁ።

«ኧረ ይሄ ዝናብ ሲነካው ይለቃል!» አለች አንዷ ጎረቤታችን።

«አብሽሪ፣ ጃንጥላም አምጥተናል!» አሉና የሙሽራው እናት ቀጣዩን ወረቀት አነሡ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ውጭ እንዳይሰማ እልልታውን በነጠላ አፍነው ነበር የሚሉት፤ ታፍኖ ይበልጥ ያስቅ ነበር። ሻሹ ሲነሳ «ቢጫው ያምርባታል» ተባለ። ሻንጣው ሲነሳ «ቁልፉስ የታል?» ተባለ። እህቴ ከዓይነ ርግቧ ሥር ትንቀጠቀጣለች፤ ሳቅ ይሁን ልቅሶ አልለየሁም።

አክስቴ ግን ፈገግም አላሉ። የመጨረሻው ወረቀት ከተነሳ በኋላ ብድግ ብለው ሁሉንም ተቀበሉና ወደ መስኮቱ ብርሃን ወሰዷቸው። ሳቁ ቆመ። አንድ በአንድ አገላብጠው አዩ። ቀሚሱን በጣታቸው ዳበስ አደረጉት። ጫማው ጋ ሲደርሱ ቆዩ፤ ወረቀቱን ያያሉ፣ የእህቴን እግር ያያሉ፣ መልሰው ወረቀቱን ያያሉ። ከዚያ እኔን ፈለጉኝና ወረቀቱን እጄ ላይ አኖሩት።

«ጫማው ይጠባታል» አሉኝ። «የእህትሽን እግር አታውቂም? ሂጂ፣ ኒካሑን የሚያስሩት ሼህ ሳይመጡ አስፊው።»