ለአባቴ የሠራሁት ፏፏቴ

አባቴ የውሃ አባት ነበሩ። ቡሬ ገጠር፣ በእኛ ቀበሌ፣ ከወንዙ በእጅ ተቆፍሮ የመጣ ቦይ አለ፤ በበጋ ገበሬው ሁሉ ከዚያ ነው የሚያጠጣው። ማን በየትኛው ቀን፣ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚያጠጣ የሚወስን፣ ተራ ያፈረሰውን የሚቀጣ አንድ ሽማግሌ ይመረጣል፤ እሱ ነው የውሃ አባት የሚባለው። አባቴ ሥራውን ከእኔ ልጅነት ጀምሮ ይዘውት ኖረዋል።

ልባቸውን ሲያማቸው ፍኖተ ሰላም እኔ ዘንድ አመጣኋቸው። ሐኪሙ ከእንግዲህ ዶማ እንዳይነኩ፣ በየአስራ አምስት ቀኑም እየመጡ እንዲታዩ አዘዘ። እሳቸው ግን ሳምንት ሳይሞላቸው "መቼ ነው የምትሸኚኝ?" ማለት ጀመሩ። ፈራሁ። ከሄዱ ይሞቱብኛል፤ ሌላ የማስበው ነገር አልነበረኝም።

አንድ ቀን በረንዳ ላይ ተቀምጠው "እዚህ አገር ውሃ አይሰማም" አሉ። በቃ! መላ ያገኘሁ መሰለኝ። የፊዚክስ መምህርት ነኝ፤ ደግሞ ያሰብኩትን ካልሠራሁ ምግብ የማይበላልኝ እልኸኛ ነኝ። ፏፏቴ ልሠራላቸው ተነሣሁ።

ጊዜው የከተማው ወጣት ተደራጅቶ ኮብልስቶን የሚያነጥፍበት ነበር፤ የተራረፈውን ድንጋይ ለምኜ በጋሪ አስመጣሁ። ክብ ገንዳ በሲሚንቶ ገነባሁ። መሀሉ ላይ አፉ የተሸረፈ ጋን አቆምኩ፤ ቂጡን በምስማር ቀስ እያልኩ ወቅሬ፣ በስቼ፣ የላስቲክ ቱቦ አሳለፍኩበት። ከባሕር ዳር ያስመጣሁትን ትንሽ ፓምፕ ገንዳው ውስጥ አስቀመጥኩ። ገንዳው ሁለት ጊዜ አፈሰሰብኝ፤ ሁለት ጊዜ አፍርሼ ለሰንኩት። በሦስተኛው ያዘ። ሶኬቱን ስሰካው ውሃው በጋኑ አፍ ገንፍሎ በሆዱ ላይ ወረደ። ጎረቤቴ እልል አለች። እኔም፣ ምን እደብቃለሁ፣ አለቀስኩ።

አባቴ ጎንበስ ብለው ብዙ አዩት።

"ወዴት ነው የሚሄደው?"

"የትም አይሄድም አባባ። ተመልሶ ይመጣል።"

"እህ" አሉና ወደ በረንዳው ተመለሱ።

ከዚያ ወዲህ ምሳ በልተው ጋደም ሲሉ አይቆዩም። ብድግ ብለው ከዘራቸውን ይዘው ይወጣሉ፤ ገንዳውን ዞር ዞር ብለው ያያሉ፣ ይገባሉ፣ ደግሞ ይወጣሉ። እኔ ሞኟ "ወደዱልኝ" ብዬ ለመምህራኑ ሁሉ አወራሁ። ለአባቴ ጆሮ ግን ያለ ሰዓቱ የሚፈስ ውሃ፣ አንዱ የሌላውን ተራ ሰብሯል ማለት ነው፤ ሰዎቹ ዱላ ሳይማዘዙ መድረስ አለባቸው። ልጃቸው ሆኜ ይህን አላወቅኩም። አሳርፋቸዋለሁ ብዬ ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ጠምጃቸው ኖሯል።

ቅዳሜ ከገበያ ስመለስ ግቢው የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል። አባቴ የገንዳውን ጠርዝ እስከ ሥሩ በዶማ ሰብረው፣ በአጥሩ ሥር እስከ ጎረቤቴ ጎመን ድረስ ቀጥ ያለ ቦይ ቀደዋል። ገንዳው ደርቋል፤ ፓምፑ ውሃ አጥቶ ነዷል። እሳቸው ላብ በላብ ሆነው፣ ፊታቸው ፈክቶ፣ ጎረቤቴን "እስከ ቀትር ያንቺ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ለልጄ ቃሪያ ትለቂያለሽ" ይሏታል።

ጮህኩባቸው። በሰው ፊት። "ምን ነካዎት? አብደዋል እንዴ? ዶማ አይንኩ አልተባሉም?" አፌ ስለ ልባቸው ይናገር እንጂ ያነደደኝስ ፓምፑ ነበር።

ዶማውን አጥሩ ላይ አስደገፉት። "ውሃ እኮ ነው ልጄ። ሰው ይፈልገዋል ብዬ ነው" አሉ።

ሰኞ ጠዋት ጋቢያቸውን ደርበው በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ቦርሳቸውን ይዤ ተከተልኳቸው። የቡሬ ሚኒባስ ላይ ሳሳፍራቸው እንኳ ይቅርታ ማለት አቃተኝ።

ሦስት ሳምንት ቻልኩት። የሐኪም ቀጠሯቸው ሲያልፍ ግን ሄድኩ፤ ይቅርታ ልጠይቅ፣ ከዚያም ይዣቸው ልመለስ። ቦዩ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፤ አምስት ስድስት ሰው ከቧቸዋል። ከስተዋል። ድምፃቸው ግን የድሮው ነው። ጉልበታቸውን ልስም ስጎነበስ ቀና አደረጉኝና "ደህና መጣሽ። እነዚህ ቀድመውሻል፤ ተራሽን ጠብቂ" አሉኝ። ሰዎቹ ሳቁ። ከሁሉም ኋላ ሣሩ ላይ ተቀመጥኩ።

አንዷ ባልቴት ቀኗ እንዲቀየርላት ለመነች፤ ተቀየረላት። ሁለት ወንድማማቾች ተካሰሱ፤ ተቆጥተው አስታረቋቸው። ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ወደ እኔ ዞሩ።

"አንቺስ?"

"ይቅር ይበሉኝ አባባ፤ ያን ቀን ስለ ጮህኩብዎት።"

"ይቅር ለእግዜር። ሌላስ?"

የቀጠሮው ወረቀት ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። አየኋቸው፤ ቦዩን ሊከፍት ዶማውን ይዞ ቃላቸውን የሚጠብቀውንም ሰው አየሁ።

"ሌላ የለኝም" አልኩ።